የአማቴ መኪና ካምቢዮ ለምን ይቃጠል ነበር?

መኪና የማትወዱ አንባቢዎች ገጹን እንዳትገልጡብኝ አደራ። ወሬዬ ከካምቢዮ ዘይት ይጀምር እንጂ መድረሻው ሌላ ነው።

ያኔ አዲሱ ገበያ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ የታጠረች ጋራዥ ነበረችኝ። ጋራዥ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ መኪና ሲገባ ሌላው ደጅ ይቆማል። ዘመኑ የደርግ ነው። ቤንዚን የሚቀዳው በኩፖን ነው፣ መለዋወጫ ዕቃ ደግሞ ዝም ብሎ የሚወራ ነገር እንጂ በዓይን የሚታይ አልነበረም። እኔን ከሌላው መካኒክ የሚለየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አብዮቱ ከመምጣቱ በፊት የፈረንጅ መኪና በሚጠገንበት ቤት ሠርቼ ስለነበር አውቶማቲክ ካምቢዮ አውቃለሁ። የሰፈሩ መካኒክ ሁሉ መኪናው ፍሪሲዮን እንደሌለው ሲያይ «ይሄ ጣጣ ነው፣ ወደ ዳንኤል ውሰደው» ብሎ ይገላገላል። ዳንኤል እኔ ነኝ።

ባለቤቴ ሰናይት መምህርት ናት። ከተጋባን ገና ሁለት ዓመታችን ነበር። ምደባዋ ጫንጮ ስለሆነ፣ ማለትም በጎጃም መንገድ ሱሉልታን አልፎ ስለሆነ፣ እዚያው ቤት ተከራይታ ትሰነብትና ቅዳሜ በአውቶቡስ እኔ ዘንድ ትመጣለች። ሰናይት ያደገችው በኦርቶዶክስ ቤት ነው። እኔ ጴንጤ ነኝ። የጸሎት ቤታችን በደርግ ከታሸገ ወዲህ የምንሰበሰበው በየሰዉ ሳሎን፣ መስኮት ዘግተን፣ ድምፃችንን ቀንሰን ነበር። ሰናይት እኔን ስታገባ ወደ እኛ እምነት መጣች። አባቷ ጋሽ ተሰማ ታዲያ «ማተቧን የበጠሰች ልጅ የለችኝም» ብለው በራቸውን ዘጉ። ሽማግሌ ብንልክ ሽማግሌዎቹ ቁጭ ሳይሉ ተመለሱ። እናቷ እትዬ ወርቅነሽ አልፎ አልፎ ገበያ መሀል ያገኙናል፣ ልጃቸውን አቅፈው ያለቅሳሉ፣ ዘንቢላቸውን አንስተው ይሄዳሉ። ከዚያ ያለፈ ነገር የለም።

በዚህ ላይ ሰናይት ጸነሰች። ወሬው የሚጀምረው ስምንተኛ ወሯን ስትይዝ ነው። በእኛ አገር የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት እንደሆነ ታውቃላችሁ። እናት የገንፎውን እህል ፈጭታ፣ ቅቤውን አንጥራ ትጠብቃለች፤ ልጂቱ ሄዳ እዚያው ትወልዳለች፣ እዚያው ትታረሳለች። ሰናይት ጠንካራ ሴት ናት፤ ጫንጮ ሲመድቧት አላለቀሰችም፣ የአባቷ በር ሲዘጋባትም አላለቀሰችም። ይህ ነገር ግን አስለቀሳት። ቅዳሜ ማታ ጎኔ ተኝታ «እናቴ ሳትኖር እንዴት አድርጌ ነው የምወልደው?» ትለኛለች። እኔ የማውቀው ካምቢዮ መፍታት ነው።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ተሰማ ራሳቸው ጋራዤ በር ላይ መጥተው ቆሙ።

ጋሽ ተሰማ በንጉሡ ጊዜ የአንድ ፈረንጅ ሹፌር ነበሩ። ሰውየው አገር ለቅቆ ሲሄድ መኪናውን በስማቸው አዙሮላቸው ሄደ። ምን ዓይነት መኪና መሰላችሁ! ሰማያዊ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር የአሜሪካ መኪና፤ ለእሽቅድምድም እንጂ ለጉለሌ ዳገት የተሠራች አይደለችም። ስትነሳ የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ይጮሃል። ቤንዚን አጠጣጧን ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ለዓመታት በሸራ ተሸፍና ግቢያቸው ውስጥ ቆማ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ግን ሸራው ተነስቶ በየሳምንቱ ስትወጣ ትታይ ነበር።

«አውቶማቲክ የሚያውቅ መካኒክ አለ ተብዬ ነው» አሉኝ፣ ማን እንደሆንኩ እንደማያውቁ ሁሉ።

እኔም ጨዋታውን ተቀበልኩ። «አለ» አልኳቸው።

«እንግዲያው መካኒኩ ይየው» ብለው ቁልፉን በሁለት ጣታቸው አቀበሉኝ።

የዘይቱን መለኪያ መዝዤ አሸተትኩ። የካምቢዮ ዘይት ጤነኛ ሲሆን ቀይ ነው። የሳቸው ጠቁሯል፤ ያረረ ነገር ይሸታል። ወዴት እንደሚሄዱ ስጠይቃቸው በየሳምንቱ ረቡዕ ሱሉልታ ቅቤ ለመግዛት እንደሚወጡ ነገሩኝ። ለቅቤ ሲባል ባለ ስምንት ሲሊንደር መኪና ማንቀሳቀስ ትንሽ ገረመኝ። ወደ ሱሉልታ የሚያወጣውን የድል በርን ዳገት ሳስብ ጥፋቱ የተገለጠልኝ መሰለኝ። ያቺ መኪና የካምቢዮ ዘይቷን የምታቀዘቅዘው በራዲያተሩ ሥር በተቀበረች ትንሽ ቱቦ ነው። ለሜዳ መንገድ ትበቃለች፤ ሳምንት በሳምንት እንጦጦ ተራራ ላይ ለሚወጣ ሰው ግን አትበቃም። ስለዚህ ትልቅ ማቀዝቀዣ ልጨምርላት ወሰንኩ።

ከየት? ከምናለሽ ተራ ነዋ። ግማሽ ቀን ከብረት ክምር ጋር ስታገል ቆይቼ ከወዳደቀ ትራክተር ላይ የተነቀለ፣ ክንፉ የተጣመመ ግን ቱቦው ያልተነካ የዘይት ማቀዝቀዣ አገኘሁ። ክንፎቹን አንድ በአንድ በቢላ አቃናሁ፣ ውስጡን በናፍጣ አጥቤ በነፋስ አስነፋሁ፣ ከራዲያተሩ ፊት አሰርኩት። ዘይቱ በድሮው ካለፈ በኋላ በአዲሱ ዞሮ እንዲመለስ የመዳብ ቱቦ አጥፌ ቀጠልኩለት። ጋሽ ተሰማ ይህ ሁሉ ሲሆን ከጋራዤ ንቅንቅ አላሉም። በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው እጄን ያያሉ። ሻይ አስመጣሁላቸው፤ «ጾም ነኝ» አሉ። ወቅቱ የፍስክ ነበር። እኔ ቤት ምንም ነገር ላለመቅመስ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ቅር ቢለኝም ሻዩን ራሴ ጠጣሁት።

ስጨርስ ራሴ እየነዳሁ ድል በር ድረስ አወጣኋት። ጫፍ ላይ ወርጄ ቱቦውን በእጄ ብይዘው ሞቅ ከማለት በቀር አላቃጠለኝም። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ጋሽ ተሰማም «እግዜር ይስጥልኝ፣ መካኒኩ» ብለው ይዘዋት ሄዱ።

በሳምንቱ ሐሙስ ተመልሰው መጡ። ዘይቱ ደግሞ ጠቁሯል።

«መካኒኩ፣ ያሰርክልኝ ነገር ጌጥ ነው እንዴ?» አሉኝ።

ማቀዝቀዣውን ፈትሼ ምንም አላገኘሁበትም። ከቀረችኝ ዘይት ቀይሬላቸው የመጨረሻዋን ቆርቆሮ ብቻ አስቀረሁና፣ ከዚህ በኋላ አብሬያቸው ሄጄ አነዳዳቸውን ካላየሁ አንድ ብሎን እንደማልነካ ነገርኳቸው። መንገዱ ምን አገባህ ብለው ተቆጡ። እኔም በአቋሜ ጸናሁ። ብዙ ካንገራገሩ በኋላ «እስከ ሱሉልታ ብቻ» ብለው ተስማሙ።

ረቡዕ ጠዋት የቀረችውን ቆርቆሮ ዘይት እግሬ ሥር አድርጌ ጎናቸው ተቀመጥኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ የነሱኝ ሰው ጎን። ኬላው ላይ የቆመው ወታደር ከመታወቂያችን ይልቅ መኪናዋን ሲያይ ቆይቶ አሳለፈን። ዳገቱን ስንወጣ ጆሮዬ ካምቢዮው ላይ ነው። አወጣጧ ደግሞ ሸጋ ነው፤ ጋሽ ተሰማ ሲነዱ እጃቸው መሪው ላይ ያለ አይመስልም። ድል በር ጫፍ ላይ አስቁሜያቸው ቱቦውን ነካሁ። ደህና ነው።

ቁልቁለቱን ጀመርን። ጋሽ ተሰማ ማርሹን ነፃ አደረጉና ቁልፉን አዙረው ሞተሩን አጠፉት።

ያ ሁሉ ጩኸት ድንገት ጸጥ ሲል የሚሰማው የጎማ ድምፅና ነፋስ ብቻ ሆነ። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። በዚያ ዘመን መኪና የነዳ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ቁልቁለት ሲመጣ ሞተር ይጠፋል፣ መኪናው በክብደቱ ይወርዳል፣ ቤንዚን ይተርፋል። ሁላችንም እናደርገው ነበር። በማርሽ መኪና ካምቢዮውን የሚጎዳው ነገር የለም። አውቶማቲክ ግን ሌላ ነው፤ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ጎማው ካምቢዮውን ያዞረዋል፣ ዘይቱ ግን ቆሟል። ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ነበር የሚያቃጥላት! ትራክተር አይደለም የመርከብ ማቀዝቀዣ ባስርላት ምን ሊረባት?

«ጋሽ ተሰማ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ያጠፉታል?»

«ታዲያ ቤንዚን ከየት ይመጣል? ሄጄ ስመለስ ቁልቁለቱን በነፃ ካልወረድኩ ኩፖኑ ለየሳምንቱ አይደርስልኝም።»

ለምኜ ሞተሩን አስነሳኋቸው፤ ዳር አስይዤ አስረዳኋቸው። እጃቸውን መሪው ላይ እንዳደረጉ አዳመጡኝ። ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ መንዳታቸውን ነገሩኝ፤ እኔም ያኔ የነዱት የማርሽ መኪና መሆኑን ነገርኳቸው። «እንግዲያው ያቃጠልኳት እኔ ነኝ» አሉ። ይህን ያህል ጊዜ የጠላሁት ሰው እንዲህ ሲያንስ ማየት ደስ የሚል መስሎኝ ነበር፤ አይደለም።

መለኪያውን ሳሸተው ማረር ጀምሯል። ቀስ ብለን እንመለስ አልኳቸው።

«አይሆንም» አሉ። «ዛሬ ጫንጮ መድረስ አለብኝ።»

ሱሉልታ ነበር ያሉኝ። ጫንጮ ያለችው ሰናይት ናት። እርጉዝ ሚስቴ ናት። ሰውየው ምን ሊያደርጓት ነው? ሊቆጧት? ሊረግሟት? አባት ልጁን ሊረግም ብሎ በየሳምንቱ ቤንዚን አይቆጥብም አልኩ ለራሴ፤ ግን ማን ያውቃል፣ ሰውየውን አላውቃቸውም። «ለቅቤ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ወደ እኔ ሳይዞሩ «ለቅቤ» አሉና ነዱ።

ከሱሉልታ በኋላ መኪናዋ መንሸራተት ጀመረች። ሞተሩ ያጓራል፣ ጎማው አይከተልም። እኔ አንድ ዓይኔን ከመንገዱ አንድ ዓይኔን ከሳቸው ፊት ላይ አልነቀልኩም። ጫንጮ ገብተን የቅቤውን ተራ አለፍነው። ዞረውም አላዩት። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጎን ባሕር ዛፍ ሥር ሲያቆሙ ቦታዋን እንደሚያውቋት አስታወቀ፤ ከዚያ ሆኖ የትምህርት ቤቱ በር ወለል ብሎ ይታያል።

«ለረፍት ሲደወል ትወጣለች» አሉ፣ ድምፃቸው እምብዛም ሳይሰማ። «አይቻት እሄዳለሁ። ሌላ ነገር የለም። ሆዷ በጣም ገፍቷል፣ አረማመዷ ያሳስበኛል።»

ምን ልበላችሁ? ለሁለት ዓመት ልቤ ውስጥ ያከማቸሁት ቂም ሁሉ የት እንደገባ እንጃ።

ከዚያ ግን እኔ ከጎናቸው መኖሬን ያኔ ያስተዋሉ ይመስል፣ ልጅቷ ሁለታችንንም እንዳታየን መኪናዋን ራቅ ላድርጋት አሉ። ማርሹን አስገቡ። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። ወደ ኋላ ሞከሩ፤ ያው ነው። ከሥሯ ያረረ ዘይት ሸተተን። ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ።

«ከዚህ አንሳት» አሉኝ።

«አትነሳም። ቢያንስ እስክትበርድ አትነሳም።»

«ግፋት።»

ያቺን የሚያህል ብረት! ትከሻዬን ሰጥቼ ገፋሁ፣ እሳቸውም ባርኔጣቸውን ወርውረው ጎኔ መጥተው ገፉ። አማችና አማት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ የሠራነው ሥራ ይህ ነው፤ እሱም አልተሳካም። ደወሉ የተደወለው እንዲሁ እያቃሰትን ሳለ ነው።

ሰናይት ወጣች። ጠመኔ የነካው እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ በዝግታ እየተራመደች ቀጥ ብላ ወደ እኛ መጣች። እኔን ስታይ ደንገጥ አለች፤ መኪናዋን ስታይ ግን አልደነገጠችም። ጋሽ ተሰማ ቀና ብለው ኮታቸውን አስተካከሉ።

«ቅቤ ልገዛ መጥቼ ነው» አሏት።

«አባዬ፣ ቅቤ የሚሸጠው በዚያ በኩል ነው» አለች ሰናይት።

መሬት መሬቱን አዩ። እሷም ቀጠለች። «ይህን መኪና ይዞ መደበቅ ይቻላል? ስትመጣ እኮ ክፍል ውስጥ ሆነን እንሰማዋለን። ተማሪዎቹ ‹የቲቸር አባት መጡ› ይሉኛል። በዚህ በር የምወጣው አንተ እንድታየኝ ብዬ ነው። የአስተማሪዎቹ ማረፊያ በወዲያ በኩል ነው ያለው።»

ይህን ለእኔ ነግራኝ አታውቅም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አጠገቤ ተኝታ፣ ስለ እናቷ እያለቀሰች፣ ስለ ረቡዕ ግን ትንፍሽ አላለችም። ቢነገር ይቀርብኛል ብላ ፈርታ እንደሆነ በኋላ ነገረችኝ።

ይቅርታ የሚል ቃል ከጋሽ ተሰማ አፍ እንደማይወጣ አውቃለሁ፤ አልወጣምም። በመጨረሻ ባርኔጣቸውን ከመሬት አንስተው አቧራውን እያራገፉ «እናትሽ የገንፎውን እህል አስፈጭታ ጨርሳለች» አሉ። «ቅቤውም ሞልቷል፣ ማስቀመጫ ነው ያጣነው። መቼ ነው የምትገቢው?»

ሰናይት አለቀሰች። እኔም ኮፈኑ ውስጥ ጭንቅላቴን ደብቄ አለቀስኩ፤ መካኒክ ለዚህ የሚሆን ቦታ አያጣም።

የወሊድ ፈቃዷ ሊጀምር የቀሩት ቀናት ጥቂት ነበሩ። ዳይሬክተሯን አነጋግራ ሻንጣዋን ይዛ እስክትመለስ መኪናዋ በረደች። የመጨረሻዋን ቆርቆሮ ዘይት ጨመርኩባት። ጋሽ ተሰማ ማርሹን አስገቡ። ትንሽ አመነታችና ተንቀሳቀሰች።

ጭንቁ የመጣው ከሱሉልታ ወደ ድል በር ዳገቱን ስንጀምር ነው። ብትቆም አውቶቡሶቹ አልፈዋል፤ ስምንት ወር ሙሉ የተሸከመች ሴት ይዘን ተራራ ላይ ነው የምንቀረው። ጋሽ ተሰማ ቤንዚኑን ሳይጫኑ፣ ሳይቸኩሉ፣ ዕንቁላል ላይ እንደሚሄድ ሰው ነዱ። በየመሀሉ ሞተሩን ሳናጠፋ እያቆምን ቱቦውን እነካለሁ። ሲገባ ያቃጥላል፣ ከአዲሱ ማቀዝቀዣ ሲወጣ ግን እጅ ያስችላል። ያ የትራክተር ዕቃ ያለ ሥራው ስሙ ጠፍቶ ነበር፤ በዚያን ዕለት ያወጣን እሱ ነው። ጫፍ ስንደርስ ከተማችን ከታች ተዘርግታ ታየች፤ የጋሽ ተሰማ እጅም ከልማድ የተነሳ ወደ ቁልፉ ሄደ። ከኋላ ያለችውን ሰናይትን በመስታወት አየት አደረጉና እጃቸውን መለሱ። ሞተሩ እየሠራ፣ ቤንዚኑ እየነደደ፣ ቁልቁለቱን ወረድን።

እትዬ ወርቅነሽ በር ከፍተው ልጃቸውን ሲያዩ እልል የሚሉ መስሎኝ ነበር። ደፉ ላይ ቁጭ አሉና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ሰናይት ጎናቸው ተቀመጠች። እኔ ደጅ ልቀር ስል ጋሽ ተሰማ ሻንጣውን ይዤ እንድገባ በአገጫቸው አመለከቱኝ።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ነገር ምን ለወጠብህ ብትሉኝ ሁለት ነገር እነግራችኋለሁ። በሥራዬ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ዕቃ ደጋግሞ ሲቃጠል ዕቃውን ከመቀየሬ በፊት ከባለቤቱ ጋር መንገድ እሄዳለሁ። በኑሮዬ ደግሞ፣ በሩን የዘጋብኝ ሰው ከውስጥ ቆሞ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ ማለትን ትቻለሁ። እናንተም የተኮራረፋችሁት ዘመድ ካለ፣ ረቡዕ ረቡዕ የት እንደሚውል ጠይቁ።

ሰናይት የወለደች ዕለት ግን የሆነውን ሳልነግራችሁ አልጨርስም። ከቀትር በኋላ ነው። ከቤት ውስጥ ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ይጣራሉ። ምጡ ጠንቶባታል፤ አዋላጇ ወጥታ ያየችን አስተያየት ደስ አይልም። እኔ መኪናዋን ተደግፌ፣ በለመድነው መንገድ፣ ለጎረቤት በማይሰማ ድምፅ እጸልያለሁ። ጋሽ ተሰማ አጠገቤ መጡ።

«ምንድን ነው የምታንሾካሹከው?»

«እየጸለይኩ ነው።»

አንዴ ወደ ቤቱ፣ አንዴ ወደ ግቢው በር አዩ። የዚያን ጊዜ የእኛ ጸሎት ከተሰማ የሚመጣው እስር መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን።

«እንዲህ ያለ ጸሎት የት ይደርሳል?» አሉኝ። «ሴቶቹ በኩላቸው እየጠሩ ነው፤ አንተም በኩልህ ጮክ ብለህ ጥራ። እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ።»

ሄደው በሩን ቀረቀሩና ጀርባቸውን ሰጥተውት ቆሙ። የሴት ልጄ ለቅሶና እልልታው እስኪሰማ ድረስ ከዚያ አልተነሱም፤ እኔም እንደዚያን ቀን ጮክ ብዬ ጸልዬ አላውቅም።